ለልጅም ሽኝት ይገባዋል

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ ለመዋዕለ ሕጻናት ወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ሁለት ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም ደግ አደረጋችሁ። ሜዳው ላይ እየተጫወቱ ነው። ድምፃቸው እዚህ ድረስ ቢሰማም ግድ የለም።

ሰኔ 30 ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለእኛ ለመምህራን ካርድ የምንሰጥበት ቀን ነው። ለአንዳንድ ልጆች ግን የቅርብ ጓደኛቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያዩበት ቀን ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚነግራቸው ሰው የለም። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

በአንድ ልጅ ልጀምር። አምስት ዓመቱ ነው። ክፍል ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረው። አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይለዋወጣሉ። የአንዱ ፍርፍር ከሆነ የሌላው ፓስታ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ከሁለቱም በልተዋል። አንዱ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲያስፈቅድ ሌላውም እጁን ያወጣል።

አንድ ሰኞ ጓደኛው ቀረ። ልጁ አጠገቡ ያለውን ወንበር በቦርሳው ያዘለት። ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለው፤ ይመጣል» አለ። ማክሰኞም ያዘለት። ረቡዕም ያዘለት። እንዲህ እያለ ሦስተኛው ሳምንት ገባ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ቦርሳውን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። ገፍትሮ ጣላት። ይህ ልጅ ሰው ሲመታ አይተን አናውቅም ነበር።

እናቱን አስጠራኋት። «ስለ ጓደኛው ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አልኳት። «ነገ ይመጣል ነው ያልኩት። እንዳያለቅስብኝ ብዬ» አለችኝ።

ጓደኛው በዚያን ጊዜ ወላይታ ሶዶ ነበር። የአባቱ መሥሪያ ቤት ወደዚያ ተዛውሮ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

በእናቲቱ አልፈርድም። አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። እኔ ራሴ ከዚያ የባሰ አድርጌያለሁ፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ግን እስቲ ልጁን አስቡት። በየጠዋቱ እየመጣ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጣል። «ነገ» ተብሏል። ነገ በየቀኑ ይመጣል፤ ጓደኛው አይመጣም። በዚያ ላይ «ይመጣል» ያለችው በዓለም ላይ ከማንም አብልጦ የሚያምናት ሰው ናት።

ሐዋሳ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው አለ። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ መንግሥታዊ ያልሆነው ድርጅት ሁሉ ሠራተኛ ያመጣል፣ ሠራተኛ ያዛውራል። ከሁሉም በላይ ግን የ2015ን ክረምት የምታስታውሱት ይመስለኛል። ሐዋሳ ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በ2014 የደቡብ ምዕራብ ክልል ተመሠረተ። በ2015 ክረምት የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ቢሮዎቹ ወደ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤ ሄዱ። ቢሮ ሲሄድ ሠራተኛው ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሲሄድ ልጆቹም ይሄዳሉ። በ2016 መስከረም ስም ስጠራ መልስ የማላገኝባቸው ስሞች ነበሩ። እነዚያን ስሞች ስጠራ አንገታቸውን ወደ በሩ የሚያዞሩ ልጆችም ነበሩ። በዚያ ወቅት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት፣ ስለ አበል ብዙ ተወራ። ተገቢም ነው። ስለ እነዚያ ልጆች ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም።

ቢሮ ባይዛወርም ቤት ኪራይ አለ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ተከራይ በበዛበት ግቢ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ አራት አምስት ቤተሰብ። ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ በር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አከራዩ ኪራይ ይጨምራል። አንዱ ቤተሰብ ይለቃል። አይሱዙ ይመጣል፣ ፍራሽና ቁምሳጥን ይጫናል፣ በቃ። ወደ አቶቴ የሄደ ቤተሰብ ለእኔና ለእናንተ እዚሁ ነው፤ ባጃጅ ያደርሰናል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን አቶቴም አሜሪካም አንድ ናቸው። በሩን ሲያንኳኳ የማይከፍትለት ጓደኛ፣ ለእሱ የትም የለም።

እኛ ትልልቆቹ ሽኝት እናውቃለን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሲዛወር ገንዘብ እናዋጣለን። ኬክ ይቆረጣል፣ ስጦታ ይሰጣል፣ አለቃው ይናገራል፣ ፎቶ እንነሳለን። ጎረቤት ሲለቅ ቡና ይፈላል፤ ዕቃ አብረን እንጭናለን፤ መኪናው እስኪታጠፍ ቆመን እናያለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድማ ምን ማድረግ እንዳለብን ማንም አይነግረንም። አብረን እንቀመጣለን። ስለ ሟቹ እናወራለን። ወንድሙን የቀበረ ሰው ፊት ቆሞ «አይዞህ፣ ሌላ ወንድም ታገኛለህ» የሚል ሰው በዚህ አገር የለም። ይህን ሁሉ እያወቅን ልጅ ላይ ሲደርስ «ልጅ ነው፣ ይረሳል» እንላለን። «ሌላ ጓደኛ ትይዛለህ» እንላለን። ከዚያ ከረሜላ እንገዛለታለን።

ልጅ ይረሳል ወይ? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ስድስት ትንንሽ ልጆች ከአንድ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ወጥተው እንግሊዝ አገር ወደሚገኝ የገጠር ቤት ተወሰዱ። ሦስት ዓመት የሞላቸው ገና ሕጻናት ናቸው። ወላጆቻቸው ተገድለዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረው አብረዋቸው የቀሩት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው። የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያዋ አና ፍሮይድ ከባልደረባዋ ጋር ስለ እነሱ ጽፋለች። ልጆቹ አሻንጉሊት ይሰብሩ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎችን ይመቱ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን አንዱ ከሌላው ለትንሽ ጊዜ እንኳን መለየት አይፈልጉም። አንዱ ለብቻው ከተወሰደ ሌሎቹ «የት አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ማዕድ ሲቀርብ ራሳቸው ከመብላታቸው ይልቅ ለጎረቤታቸው ማቀበል ይበልጥባቸው ነበር።

እነዚህ ልጆች የደረሰባቸው መከራ ከእኛ ልጆች ሕይወት ጋር አይነጻጸርም። ያነሳኋቸው ለአንድ ነገር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሌላ የሦስት ዓመት ልጅን ከልቡ ሊወድ ይችላል። አብረው ስለሚጫወቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ለሌላው መጠጊያ ይሆናል። የእኛም ልጆች ክፍል ውስጥ ኮሽ ሲል መጀመሪያ የሚያዩት የእኔን ፊት አይደለም፤ የጓደኛቸውን ነው።

አንድ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ጄምስ ሮበርትሰን ይባላል፤ ልጅ ከእናቱ ሲለይ ምን እንደሚሆን ካጠናው ሐኪም ከጆን ቦውልቢ ጋር የሠራ ሰው ነው። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታል የተኛ ልጅን ወላጅ እንደልቡ መጠየቅ አይችልም ነበር። ሮበርትሰን አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ልጆቹን አየ። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ይጮኻሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ያዝናሉ። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይመስላሉ። ሠራተኞቹ ልጁ ዝም ሲል «ለመደ» ይሉ ነበር። ሮበርትሰን ግን ያ ዝምታ መልመድ እንዳልሆነ አየ። እሱ ያጠናው ከእናት መለየትን ነው። የጓደኛ መለየት እንደዚያ አይከብድም። ግን «ይረሳል» የምንለው ብዙ ጊዜ ያንኑ ዝምታ አይተን ነው። ልጁ መጠየቅ ያቆመው መልስ እንደማያገኝ ስለገባው ሊሆን ይችላል።

አሁን የራሴን ልናገር። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ከሁሉ የሚወዱት ግን ኩኩሉ ነው። አንዷ ዓይኗን ጨፍና «ኩኩሉ!» ትላለች፤ ሌላዋ እየተደበቀች «አልነጋም!» ትላለች። ቀኑን ሙሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ለቅቆ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ልጄ መኪናውን አይታ እንዳታለቅስ ብዬ እህቴ ቤት ወስጄ አዋልኳት። ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ማታ ስንመለስ በሩ ተቆልፏል።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ወጥታ በዚያ በር ፊት ቆመች። ዓይኗን በእጇ ሸፍና «ኩኩሉ!» አለች። ጠበቀች። እንደገና «ኩኩሉ!» አለች። ውስጥ ያለች መስሏት «አልነጋም» እስክትላት ነበር የምትጠብቀው። ይህን ለአንድ ሳምንት ያህል በየጠዋቱ አደረገች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ። ወጥቼ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። መምህር ነኝ፤ የሰው ልጅ አስተምራለሁ፤ ለልጄ የምለው አጣሁ። ስምንተኛው ቀን ላይ አቆመች። ያን ቀን «ረሳች» ብዬ እፎይ አልኩ። ዛሬ ልጄ ትልቅ ናት፤ ያንን በር ታስታውሰዋለች።

ስለዚህ ዛሬ የምላችሁን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል ላውራ። «ሄደ» የሚለው ቃል። እኛ ይህን ቃል ለብዙ ነገር እንጠቀምበታለን። አያት ሲሞቱ ለልጅ ምን እንላለን? «ወደ ሰማይ ሄዱ» እንላለን። ሞግዚቷ ስትለቅ «ሄደች» እንላለን። አባት ለሥራ ሲወጣም «ሄደ» ነው። እንግዲህ ባለፈው ዓመት አያቱ «የሄዱበት» ልጅ ዘንድሮ ጓደኛው «ሄደ» ቢባል ምን ይረዳል? አንዲት ተማሪዬ «አፈር ውስጥ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ «ሄደ» ብዬ አልተውም። የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ፣ የት እንደሚተኛ፣ ማን ምሳውን እንደሚሰጠው እነግራለሁ። «ሶዶ የምትባል ከተማ ሄዷል። ከእናቱ፣ ከአባቱና ከእህቱ ጋር ነው። አዲስ ቤት አላቸው። እዚያ ትምህርት ቤት ይገባል። ደህና ነው። እዚህ ግን ተመልሶ አይኖርም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መናገር ይከብዳል። ግን እሷን ከተዋችኋት ወንበር መያዙ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ልጅ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያስባል። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ዣን ፒያዤ የሁለት ዓመት ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ዓለምን የሚያየው ከራሱ ተነስቶ እንደሆነ አስተምሯል። ዝናብ የሚዘንበው እሱን ጨዋታ ለመከልከል ነው። ታዲያ ጓደኛው ለምን ሄደ? ያ ወንበር ሲይዝ የነበረው ልጅ በመጨረሻ እቅፌ ውስጥ ሆኖ የነገረኝን ልንገራችሁ። «ቢጫ ቀለሜን ስለከለከልኩት ነው» አለኝ። ዓርብ ዕለት በቀለም ተጣልተው ነበር። «ካንተ ጋር አልጫወትም» ብሎታል። ሰኞ ጓደኛው የለም። ለሦስት ሳምንት ይህን ይዞ ነው የኖረው። ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ልጁ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ብትጣሉም ባትጣሉም ይሄዱ ነበር። የአባቱ ሥራ ወደዚያ ስለሄደ ነው።» አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ደጋግማችሁ።

የልጅ ሐዘን እንደ ትልቅ ሰው ሐዘን ተቀምጦ አይታይም። አሁን ያለቅሳል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኳስ ይጫወታል። ይህን አይታችሁ አትታለሉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። ሽንቱን መቆጣጠር የጀመረ ልጅ አልጋ ላይ ይሸናል። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል። ምግብ ይገፋል። ጣቱን መጥባት ይጀምራል። ወይም ትንሽ ወንድሙን ይመታል። እናት «ምን ነካው?» ትላለች፤ ሐኪም ቤት ትወስደዋለች፤ በሽታ አይገኝም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከአጠገቡ የጠፋ ሰው ካለ ቁጠሩ።

«የጠፋ ሰው» ስል ልጆች ብቻ አይደሉም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በብዙ ቤት የልጁ የመጀመሪያ የቅርብ ጓደኛ ቤት ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ናት። እሷም ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ናት። የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ተረት የምትነግረው፣ በጀርባዋ አዝላ የምታስተኛው እሷ ናት። ከዚያ ለመስቀል አገሯ ትሄድና ትቀራለች። ወይም ከእመቤቷ ጋር ትጋጭና በአንድ ጠዋት ትወጣለች። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሳ የለችም። ይባስ ብለን እሱ ፊት ስሟን እናነሳለን፤ «ባለጌ ነበረች፣ ሌባ ናት» እንላለን። ልጁ ግን ይወዳታል። ደመወዟ ላይ መግባባት ባትችሉ እንኳን ለስንብት አሥር ደቂቃ ስጧቸው። ትቀፈው፣ ትሳመው፣ «አገሬ ልሄድ ነው፣ እወድሃለሁ» ትበለው። እሷም ያሳደገችውን ልጅ ሳትስም መውጣት አይገባትም።

ወደ ሽኝቱ ልምጣ። የልጅ ሽኝት ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜና እውነት ነው የሚጠይቀው።

መቼ ይነገረው? ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ቢነገረው ይበቃል። ሁለት ወር ቀድሞ መንገር ጭንቀቱን ማርዘም ነው። በዕለቱ መንገር ደግሞ ድንጋጤ ነው። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። «ሐምሌ 5» ማለት ለልጅ ምንም ማለት አይደለም። አንዲት እናት ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ሰባት ቆርኪ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረች። በየማታው ከመተኛታቸው በፊት ልጇ አንድ ቆርኪ ያወጣል። «ብርጭቆው ባዶ ሲሆን በማግስቱ ጠዋት ጓደኛህን እንሸኛለን» አለችው። ልጁ ቀኑ ሲቀርብ በእጁ እየዳሰሰ ነው ያየው። አምስተኛው ማታ ላይ «ቆርኪ እንጨምርበት» ብሎ አለቀሰ። እሷም «ብንጨምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይሆንም» ብላ አብራው ተቀመጠች። ያ ለቅሶ በጊዜው የወጣ ለቅሶ ነው። ያ ልጅ ሲሸኝ እጁን እያውለበለበ ነው የሸኘው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የተለየ ድግስ አያስፈልግም። የሚያውቁትን ነገር አንድ ጊዜ አብረው ያድርጉት። ሁለት ልጆች አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ ከአባቶቻቸው ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እየሄዱ የዓሣውን ትራፊ የሚለቃቅሙትን አባ ኮዳዎች ያዩ ነበር። ሽኝታቸውም እዚያው ሆነ። ለአባ ኮዳዎቹም «ቻው» አሉ። አባቶቹ ፎቶ አንስተው ሁለት ቅጂ አሳጠቡ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ። ፎቶ ስልክ ውስጥ ብቻ አይቅር። ልጅ ትራሱ ሥር የሚያስገባው ነገር ያስፈልገዋል። ዕቃም ይለዋወጡ። ውድ ባይሆን ይሻላል። ብይ፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የተሳለ ሥዕል። ከሰጠ በኋላ «መልስልኝ» ቢል አትቆጡት፤ ሌላ ይምረጥ።

መኪናው ሲሄድ ይይ። እኔ የነፈግኳት ይህንን ነው። መኪናው ሲታጠፍ ያየ ልጅ ጓደኛው በሩ ውስጥ እንደሌለ ያውቃል። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። እናንተም ብታለቅሱ ችግር የለውም። «እኔም እናቱን እወዳት ነበር፤ እኔም አዘንኩ» ብትሉት ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ከዚያ በኋላስ? መንገዱን አብራችሁ ሳሉት። ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ አላባ፣ ከአላባ ሶዶ። አንድ ተማሪዬ ይህን መንገድ በእርሳስ ስሎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ሻሸመኔ ላይ ትልቅ አውቶቡስ አለ። ጓደኛው አሁን የሆነ ቦታ አለ።

ስልክን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። በቪዲዮ ስታገናኟቸው ዝም ይላሉ፤ ወይም አንዱ ይሮጣል፤ ወይም የስልኩን ቁልፍ ይነካካሉ። እናቶች ታዲያ «አየሽ፣ ረስቶታል» ይባባላሉ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጓደኝነቱ በመጫወት እንጂ በማውራት አይደለም። ስለዚህ የሚያሳየው ነገር ይያዝ። የወለቀ ጥርሱን፣ አዲስ ጫማውን፣ ድመቱን ያሳየው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ኔትወርክ ካስቸገረ በቴሌግራም ድምፅ ይላኩ፤ ልጁ ያንኑ ድምፅ ሃያ ጊዜ መልሶ ቢሰማው አትሰልቹ። እየቀነሰ ቢሄድም አታስገድዱ። ሊቀንስ ይችላል።

አዲስ ጓደኛም ይመጣል፤ አልክድም። ግን እኛ ስለቸኮልን አይመጣም። አሥር ልጅ ጠርቶ ድግስ ማድረግ ያዘነ ልጅን ያደክመዋል። አንድ ልጅ፣ አንድ ከሰዓት፣ አንድ ጨዋታ። አዲሱን ልጅ በቀድሞው ጓደኛው ስም ቢጠራውም ዝም በሉ።

አብዛኛው ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ከወር በላይ ቆይቶ ጨርሶ የማይጫወት ከሆነ፣ እየከሳ ከሄደ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከእናንተ ለደቂቃ መለየት ካቃተው ብቻችሁን አትያዙት። መጀመሪያ ለመምህሩ ንገሩ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ልጅን ወደዚያ መውሰድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄ ገባን። አንድ አባት ተነሱ። «ወንድ ልጅ ነው። እንዲህ እያለቀሰ ካባበልኩት ደካማ አይሆንም ወይ?» አሉ። ጥያቄያቸውን በግልጽ ስላነሱት አመሰገንኳቸው፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ነበር። እንዲህ አልኳቸው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ የልብ ጓደኛዎ ቢርቅ ምን ይሰማዎታል?» ትንሽ ዝም አሉ። «አንድ ነበረኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አላየሁትም» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ታዲያ ለልጅዎ ያንን ይንገሩት። ማታ ሲያስተኙት ስለ ጓደኛዎ ያውሩለት፤ ስሙን ይንገሩት፤ ምን ትጫወቱ እንደነበር ይንገሩት» አልኳቸው። እሺ አሉ። ተቀምጠውም መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ።

ሁለተኛዋ አንዲት እናት ናት። «እኛ ነን የምንሄደው። ሆሳዕና ተዛውረናል። የሚሄደው ልጅ ይሻለዋል አይደል? አዲስ ነገር ያያል» አለች።

ሁልጊዜ አይደለም፤ እሱ አንድ ጓደኛ ብቻ ሳይሆን ግቢውን፣ ክፍሉን፣ መንገዱን ሁሉ ነው የሚያጣው አልኳት። ሁለት ነገር እንድታደርግ ነገርኳት። አንደኛው እዚያ ስትደርስ ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እዚያው ትምህርት ቤት የሚገባ አንድ የሠፈር ልጅ ፈልጊ፤ ክረምቱን አብረው ይጫወቱ። ጋሪ ላድ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ትምህርት ሲጀምሩ ክፍላቸው ውስጥ ጓደኛ ያላቸው ሕጻናት ትምህርት ቤቱን የበለጠ ወደውታል። አንድ የሚያውቀው ፊት መስከረም ላይ ብዙ ያግዘዋል።

ሁለተኛው እዚሁ የሚሆን ነው። ልጇ እኔ ክፍል ነው ያለው፤ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። «ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንቺም ነይ» አልኳት። «ዳቦ እኛ እናመጣለን። ለልጆቹ የት እንደሚሄድ እሱ ራሱ ይነግራቸዋል። ከዚያ ወንበሩን ለማን እንደሚሰጥ ይመርጣል።»

«ከአሁኑ መርጧል» አለች። ውጭ ሜዳው ላይ ከእሱ ጋር ስትሮጥ ወደነበረችው ልጅ አየች።